አሪኛ የተከለከለበት ቤት

ባሌ መጀመሪያ የከለከለኝ ቋንቋዬን ነው። ዱላው የመጣው በኋላ ነው። የሚጠይቁኝ ሰዎች ከመጀመሪያው ጥፊ እንድጀምርላቸው ይፈልጋሉ። እኔ ግን ከዚያ ብጀምር ነገሩ ግማሽ ይሆንብኛል።

የተወለድኩት ከጂንካ በላይ ባለው ደጋ፣ እንሰትና ጎደሬ በሚበቅልበት የአሪ ገበሬዎች መንደር ነው። አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። የእናቴ አማርኛ ለቅዳሜ ገበያ የሚበቃ ብቻ ነው። ዋጋ ትጠራለች፣ ትከራከራለች፣ ሰላምታ ትሰጣለች፤ ከዚያ አያልፍም። ከመምህራን ኮሌጅ ወጥቼ ጂንካ ከተማ ስመደብ፣ አባቴ ሞቶ ስለነበር እናቴ በየቅዳሜው ለገበያ ስትወርድ እኔ ጋ ታርፍ ነበር። ሸክሟን አውርዳ፣ እግሯን ዘርግታ የመንደሩን ወሬ ሁሉ ትዘረግፍልኛለች። ማን አገባ፣ የማን ላም ወለደች፣ ማን ከማን ተኳረፈ። ወሬው ሲጥማት ቆማ የሰዎቹን አካሄድ ሁሉ ታሳየኛለች። የሳምንቱ ድካሜ የሚወጣልኝ ያን ጊዜ ነበር።

ባሌን ያወቅሁት የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው መሃል ሳይነሳ፣ ከብት በሚግጥበት ሜዳ ዳር አመሻሹ ላይ ከመምህራን ጓደኞቼ ጋር በምንንሸራሸርበት ዘመን ነው። ከመሃል አገር ተመድቦ የመጣ የመንግስት ሰራተኛ ነበር። ስራው ወረዳዎቹን እየዞሩ ስለ ሴቶች መብት ግንዛቤ ማስጨበጥ ነው። አንዴ ዲመካ፣ አንዴ ወይጦ፣ አንዴ አልዱባ ይሄዳል። እኛ ትምህርት ቤትም መጥቶ ሲናገር ሰማሁት። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ቃል ይመርጣል፤ ሴት ስትጠይቀው ጎንበስ ብሎ ነው የሚያዳምጣት። ባደግሁበት ቤት አባቴ እናቴን ይመታ ነበር። ጎረቤታችንም ሚስቱን ይመታ ነበር። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይደነቅም። እንዲህ የሚያስብ ወንድ አለ እንዴ ብዬ ተገረምኩ። እሱን ሳገባ ከእናቴ ዕጣ ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር።

በሰርጋችን ሰሞን እናቴ እንደ ልማዷ ቅዳሜ መጣች። ምሳ እየበላን ስለ አንድ ጎረቤታችን ታወራለች፣ እኔ እስቃለሁ። እሱ መጉረሱን አቁሞ፣

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?» አለ።

ተረጎምኩለት። ነገር ሲተረጎም ስለሚሞት አልሳቀም። እሷ ከሄደች በኋላ፣

«በገዛ ቤቴ ስታሙኝ መዋል የለብኝም» አለኝ።

«ማን አማህ?»

«ታዲያ ለምን በማልሰማው ቋንቋ ታወራላችሁ?»

«እናቴ እኮ አማርኛ አትችልም።»

«ትማራለቻ። ከእንግዲህ እዚህ ቤት የሚወራው አማርኛ ነው።»

በቁጣ አልተናገረውም። እቃ የት እንደሚቀመጥ እንደሚያዝ ሰው ነበር። እኔም ብቸኝነት ተሰምቶት ይሆናል ብዬ አዘንኩለት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ገና ስትጀምር ጠረጴዛውን በጣቱ ቆረቆረ። በአማርኛ መለስኩላት። ቀና ብላ አየችኝ፤ የተሳሳተ ቤት እንደገባ ሰው። ከዚያ የገበያ አማርኛዋን አወጣች። «ደህና ናችሁ? ስራ ደህና?» አለች። ደህና ነው አልናት። ሌላ የምትለው አልነበራትም። ውሃዋን ጠጥታ ተነሳች። ከዚያ በኋላ ከገበያው ቀጥታ ወደ መንደሯ መመለስ ጀመረች። እሱ ለሰው ሁሉ «አማቴ ኩሩ ናት፣ ቤታችንን ንቃዋለች» ይል ነበር።

ቀስ እያለ ሌላውም ተከተለ። ከጓደኞቼ ጋር ሽርሽር ቀረ፤ «ያገባች ሴት ሜዳ ለሜዳ አትዞርም» ተባልኩ። ሞባይል ስገዛ መጀመሪያ እሱ ከፍቶ የሚያየው ሆነ። ከእያንዳንዱ ክልከላ ኋላ ምክንያት አለ፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ፍቅር ነው። ለእኔ እንደሚያስብ፣ ሰው እንዳይጎዳኝ እንደሚፈራ ያስረዳኛል። ማስረዳት ሙያው ነው። እሱ ተናግሮ ሲጨርስ እኔ ይቅርታ ጠያቂ ሆኜ እገኛለሁ።

ልጃችን ስትወለድ ከእሷም ጋር አሪኛ እንዳላወራ አዘዘኝ። «ልጄ አፏ እንዲበላሽ አልፈልግም» ነው ያለኝ። እሱ ለስራ ሲወጣ ግን እናቴ እኔን ባባበለችበት ዜማ አባብላታለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ልጄን በጀርባዬ አዝዬ እያንጎራጎርኩ ልብስ ሳጣጥፍ፣ ዲመካ የሄደው ሰውዬ ሳይታሰብ ተመልሶ መስኮቱ ስር ቆሞ ሲሰማኝ ነበር። ገብቶ ቦርሳውን ወንበር ላይ በቀስታ አስቀመጠ። ከዚያ በጥፊ መታኝ። ልጄ ጀርባዬ ላይ ነበረች፤ ጥፊው ሲያርፍብኝ እሷ ነች የጮኸችው።

አልቅሶ ይቅርታ ጠየቀኝ። እግሬ ላይ ወደቀ። ይቅር አልኩት። ከዚያ በኋላ ግን ፊቴን መትቶኝ አያውቅም። የትኛው ጉዳት ማስረጃ እንደሚሆን፣ የትኛው ቶሎ እንደሚጠፋ ለሰው የሚያስተምረው እሱ ነው። ስለዚህ የት እንደሚመታ ያውቅ ነበር። ትከሻዬን፣ ጀርባዬን፣ ጭኔን። እኔ በሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሼ አስተምራለሁ፤ ባልደረቦቼ «ጨዋ» ይሉኛል።

አንድ ጊዜ መሸከም ሲያቅተኝ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ነገርኳቸው። እሱ ካገባኝ በኋላ ቤተ ክርስቲያኔን ተቀላቅሎ ነበር፤ ጸሎቱ ያምራል፣ ይወዱታል። ቤታችን መጥተው ፊት ለፊት አስቀመጡን። ከመካከላቸው ትልቁ የእኔው ሰው፣ የአሪ ተወላጅ ናቸው፤ አባቴን ያውቁታል።

«እህታችን፣ ምን አድርገሽው ነው?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው።

«ምንም።»

«ዝም ብሎ የሚመታ ሰው አለ?»

እሱ ቀድሞኝ አለቀሰ። ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ፣ የስራ ጫና እንዳስመረረው፣ ሰይጣን በቤቱ እንደገባ ተናገረ። ሽማግሌው አቀፉት። እኔን ማንም አላቀፈኝም። እጅ ለእጅ አያይዘው ጸለዩልን። ሲወጡ ትልቁ ሽማግሌ በር ላይ ቀረብ ብለው በአሪኛ «እናትሽ ችላ አሳድጋሻለች፣ አንቺም ቻይ» አሉኝ። በዚያ ቤት ከብዙ ጊዜ በኋላ የተነገረኝ የቋንቋዬ ቃል ያ ነበር።

ልጄ በእግሯ መሄድ በጀመረችበት ዓመት ከጂንካ ራቅ ባለ አንድ የአሪ ቀበሌ ስልጠና ተዘጋጀ። የሚያስተረጉመው ሰው ታመመ። የባሌ አለቃ፣ ደግ ሴት ነበረች፣ «ባለቤትህ አሪኛ ትችል የለ? መምህር ናት፣ ከእሷ የተሻለ ከየት እናገኛለን?» አለችው። በሰው ፊት እምቢ ማለት አልቻለም። መኪና ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

«የምለውን ብቻ ነው የምትዪው። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» አለኝ።

ስብሰባው ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነበር። ሴቶቹ ከፊት ባሉት ዴስኮች ተጠጋግተው፣ ወንዶቹ ከኋላ ቆመዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሹፌሩ በሩን ተደግፎ ቆሟል። እኔን የሚያውቀኝ ሰው እዚያ አልነበረም። ባሌ ተነስቶ ጀመረ።

«በቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃት የግል ጉዳይ አይደለም» አለ።

ተረጎምኩ። ሴቶቹ እርስ በእርስ ተያዩ።

የጥቃት ዓይነቶችን ዘረዘረ። አካላዊ የሚለው አላስቸገረኝም። ስነ ልቦናዊ ሲል ግን ቆምኩ፤ ያን ቃል በአሪኛ ምን እንደምለው አላገኘሁትም። ዓይኖቻቸው እኔ ላይ ናቸው። «ሳይመታሽ የሚመታሽ ነው» አልኳቸው። «እናትሽ ቤትሽ እንዳትመጣ ሲያደርግ። መሳቅሽን ሲጠረጥር። በገዛ ቤትሽ ቃል ከመተንፈስሽ በፊት የእሱን ፊት ስታዪ።» ፊት ለፊት የተቀመጠች ወጣት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ምነው ረዘመ?» አለኝ ባሌ።

«አንድ ቃል አይበቃም፣ ማብራራት ይፈልጋል» አልኩት።

ደስ ብሎት ቀጠለ። ሲጨርስ ጥያቄ ካለ አለ። አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። «ይህ ሰው የሴትን ልብ እንዲህ ካወቀ ሚስቱ የታደለች ናት» አሉ። «እስቲ ስለ ሚስቱ ይንገረን።»

ተረጎምኩለት። ፈገግ አለና እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲያመኝ የሰነበተው ትከሻዬ ላይ። «ባለቤቴ እሷ መሆኗን ንገሪያቸው። እሷው ትመስክር» አለኝ።

«ሚስቱ እኔ ነኝ» አልኳቸው። አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። አሮጊቷ አላጨበጨቡም፤ ፊቴን ነበር የሚያዩት።

«ልጄ፣ እውነት የታደልሽ ነሽ?» አሉኝ።

አስቤበት አልነበረም። «ይመታኛል» አልኳቸው። «አሁን እጁ ያረፈው የመታኝ ቦታ ላይ ነው። በዚህ በምናወራበት ቋንቋ እናቴን እንዳላናግራት ከልክሎኛል። ልጄ አንድም ቃል አታውቅም።» ድምፄን ሳልቀይር፣ ስልጠናውን ስተረጉም በነበረው ድምፅ ነው የተናገርኩት። እሱ አጠገቤ ቆሞ በየዓረፍተ ነገሩ ራሱን እየነቀነቀ ይስማማ ነበር።

ከኋላ የቆሙት ወንዶች መሬት መሬት አዩ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ በአማርኛ «ትምህርቱ በጣም ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። ያ ሰው ሁለቱንም ቋንቋ አሳምሮ ይሰማል። ስንወጣ አሮጊቷ እጄን ያዙኝ፤ ቶሎም አልለቀቁኝም።

«ምን ብለሻቸው ነው ዝም ያሉት?» አለኝ ባሌ መኪና ውስጥ።

«ስለ አንተ ነገርኳቸው» አልኩት። ረካ።

ሹፌሩ ከአሪዎች መካከል ያደገ መሆኑን ባሌም እኔም አናውቅም ነበር። ሹፌሩ ለአንዱ ነገረው፣ ያ ለሌላው፣ መስሪያ ቤቱ ውስጥ ከኋላው መሳቅ ተጀመረ። በሳምንቱ ግድም፣ ለምሳ ሰዓት፣ ባሌ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋና ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ።

«ያልሻቸውን አሁን በአማርኛ ንገሪኝ» አለ።

ነገርኩት። አንድም ቃል አልቀነስኩም። እጄን ጠምዝዞ ከበሩ መቃን ጋር ሲያጋጨው የአጥንቴን ድምፅ ከሬዲዮኑ በላይ ሰማሁት። ልጄ ጠረጴዛ ስር ገብታ ጆሮዋን ይዛለች። አከራያችን ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠቡ ነበር፤ ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። ማጠባቸውን አላቋረጡም። እሱ ሸሚዙን አስተካክሎ ወደ ስራ ሲመለስ፣ በደህናው እጄ ልጄን ይዤ ወጣሁ። አከራያችን ቀና ብለው «ወደቅሽ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ሆስፒታል ሄጄ ራጅ ተነሳሁ፣ ጄሶ ታሰረልኝ፣ ከዚያ ወደ ፖሊስ ሄድኩ። ቃሌን የተቀበለችኝ ፖሊስ ልጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር የምትጽፈው። በዚያ ቀን ያገኘሁት ደግነት እሱ ነው።

ባሌ ተይዞ ብዙም ሳይቆይ በዋስ ወጣ። ዋስ የሆኑት እኚያው ትልቁ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ልጄን ይዤ እናቴ ዘንድ ወጥቼ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ዳገቱን ወጥተው እዚያ ድረስ መጡ። ክሱን እንዳነሳ ለመኑኝ።

«ወንድማችን ስራውን ያጣል» አሉ። «ስንት ሴት የሚጠቀምበት ትምህርት ነው የሚቋረጠው። ለሌሎቹ እህቶችሽ አስቢ።»

እናቴ ጥግ ላይ ሆና ትሰማ ነበር። አማርኛው ስላልገባት ትልቁን ሽማግሌ በአሪኛ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ሲነግሯት ተነሳች። እናቴ ሽማግሌ ፊት ስትቆም አይቼ አላውቅም።

«እኔ ችዬ ኖሬያለሁ» አለቻቸው። «ባሌ ሲሞት በልቅሶው ላይ ጥሩ ሚስት ነበረች ብላችሁ ተናገራችሁልኝ። ሌላ ምን አገኘሁ? እስቲ ንገሩኝ። የችግሬን ዋጋ የከፈለኝ ማን ነው? አሁን ደግሞ ልጄን ለዚያው ልትወስዱብኝ ዳገት ወጣችሁ።»

ያቀረብንላቸውን ሳይበሉ ወረዱ።

ፍርድ ቤት አከራያችን ሲጠየቁ «ድምፅ ሰምቻለሁ፤ ሲመታት ግን ዓይኔ አላየም» አሉ። ሹፌሩ ሊመሰክር ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ በቀጠሮው ዕለት መስክ ወጥቷል ተባለ። እኚያ አሮጊት ግን ከዚያ ሩቅ ቀበሌ በእግራቸው ወርደው መጡ። በአሪኛ ብዙ ተናገሩ። እጁ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደተሸማቀቅሁ፣ እሱ እየሳቀ እኔ እንዴት እንዳወራሁ፣ ራሳቸውም በወጣትነታቸው እንዲያ ይሸማቀቁ ስለነበር ወዲያው እንዳወቁኝ ተናገሩ። የሚያስተረጉመው ልጅ ሲቸኩል «ባሌ ይመታኛል ብላ ስትናገር ሰምቻለሁ ነው የሚሉት» ብሎ ጨረሰው። ተነስቼ የቀረውን ልናገር ብል ባለጉዳይ ስለሆንኩ አይቻልም ተባልኩ። አሮጊቷ የተናገሩት ሁሉ የደረሰ መስሏቸው ረክተው ተቀመጡ። አላስከፋኋቸውም፤ ስንወጣ አመስግኜ ሸኘኋቸው።

የጄሶውና የራጁ ማስረጃ ስለነበረ ጥፋተኛ ተባለ። ቅጣቱ ግን በገደብ ሆነ፤ አንድ ቀን አልታሰረም። ፍቺው ጸደቀልኝ፣ ልጄ ከእኔ ጋር ሆነች። እሱ ወደ ሌላ ዞን ዝውውር ጠየቀና ተፈቀደለት። የስራ ባልደረቦቹ የመሸኛ እራት አብልተው ጋቢ አልብሰው እንደሸኙት ያቺ ደግ አለቃው ነገረችኝ። እሷ አልሄደችም። «ግን ደግሞ አትሸኙት ብዬ አልተናገርኩም» ብላ አለቀሰች። ምን ልበላት? እዚያ የበሉትም ቢሆኑ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አብዛኞቹን በመንገድ አገኛቸዋለሁ፤ ስለ ልጄ ይጠይቁኛል፣ እድገቷን ያደንቃሉ። ያን ቀን ምን እንደበሉ ትዝ የሚላቸው አይመስለኝም።

ልጄ አሁን ትልቅ ሆናለች። አሪኛ ላስተምራት ሞክሬ ነበር፤ ትሰማለች፣ ለመናገር ግን ታፍራለች። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደገና መምጣት ጀምራለች፤ ጉልበቷ ስለደከመ የምትመጣው በሞተር ነው። እንደ ድሮው ቆማ የሰው አካሄድ አታሳየንም። ክንዴ እስከ መጨረሻው አይዘረጋም። ሰሌዳው ላይ ከፍ አድርጌ መጻፍ ስለማልችል ተማሪዎቼ የላይኛውን ግማሽ ባዶ እንደምተው ለምደውታል።

አንዳንዴ በስልጠና ላይ ተሞክሮሽን አካፍዪን እያሉ ይጠሩኛል። እሄዳለሁ። ሲያበቃ ፎቶ እንነሳለን፣ ምሳ እንበላለን። ምን ያህል እንደሚጠቅም አላውቅም፤ ባሌን ያስተማሩትም እንዲህ ባለ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከዚያ ይልቅ የተማርኩት ነገር ቢኖር በቀጥታ መጠየቅን ነው። እኔን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በቀጥታ የጠየቁኝ እኚያ አሮጊት ብቻ ነበሩ።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤታችን ውስጥ ከሌላ አካባቢ የተመደበች አንዲት ወጣት መምህርት በሙቀት ሹራብ እየለበሰች መምጣት ጀመረች። ሻይ ቤት ይዣት ሄድኩ።

«ይመታሻል?» አልኳት።

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ነገረችኝ። ቤቴ ወሰድኳት። ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ተኝተው ሰነበቱ፤ ቀስ እያለች መብላት ጀመረች፣ አንድ ቀን ስትስቅም ሰማኋት። ወደ ፖሊስ አብሬያት እንደምሄድ፣ እስክትጠነክር ድረስ እኔ ጋ መቆየት እንደምትችል ነገርኳት። እሺ ብላ ነበር። ከዚያ ባሏ ሽማግሌ ሰብስቦ መጣ። እኔ በር ላይ ቆሜ አናስገባም ብል እሷ ከውስጥ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። «መምህር፣ ይቅርታ፤ ተለውጫለሁ ብሎ ምሏል» አለችኝ። ዓይኔን አላየችም።

እየተከተለቻቸው ስትወርድ ቆሜ አየሁ። አንዱ ሽማግሌ ዞር ብሎ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ስላቆየሻት» አለኝ።

አሁንም አንድ ትምህርት ቤት ነው የምናስተምረው። ስታየኝ ከሩቅ ሰላም ትለኝና በሌላኛው በር ትገባለች።